«ነጠፈ» የተባለው ወተት ይመለሳል

ባለፈው ሰሞን ቡና ስንጠጣ አንዲት ወዳጃችን ከባድ ጥያቄ ይዛ መጣች። እህቷ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት በጠና ታማ ሆስፒታል ገባች። ጨቅላው ከአያቱ ጋር ቤት ቀርቶ በጡጦ ከረመ። እናትየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ድና ስትመለስ ጡቷ እንደ ቀድሞው አላጋት አለ። ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ «በቃ፣ ነጥፏል፤ እግዜር ያሳድገው» ብለው ደመደሙ። ወዳጃችን ግን ነገሩ አልዋጥላት ብሎ፣ «እውነት አንዴ የነጠፈ የጡት ወተት ተመልሶ አይመጣም?» ስትል ጠየቀችን።

ይመጣል! ይህን መልስ በሰጠሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ስለ ሰው አካል ካነበብኳቸው ነገሮች እንደዚህ ያስገረመኝ ጥቂት ነው። ማጥባት ካቆመ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያለፉት ጡት እንደገና ወተት መስጠት ይችላል። ባለሙያዎች «ጡት ማጥባትን መልሶ ማስጀመር» ይሉታል። ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ ይህ እውቀት የሕፃን ሕይወት ያድናል፤ እናትና ልጅን በሽታ፣ ፍርሃት ወይም የሕክምና ትእዛዝ የሚለያያቸው ያኔ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥያቄዎችን አብረን እናንሳ። ወረርሽኝ ሲገባ የታመመች እናት ታጥባ ወይስ ትተው? ካቋረጠችስ በምን መንገድ ትመለስ?

ወተቱን የሚያዘው ልጁ ነው

ብዙዎቻችን ጡትን እንደ እንስራ እናስበዋለን፤ ሲሞላ ይቀዳል፣ ሲያልቅ ባዶ ይቀራል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ አፉን በደንብ ከፍቶ የጡቱን ጫፍ ከነዙሪያው ጥቁር ክፍል ጎርሶ ሲስብ፣ እዚያ ያሉት ነርቮች ወደ እናቱ አንጎል መልእክት ይልካሉ። ከአንጎል ሥር አተር የምታክል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች። መልእክቱ ሲደርሳት ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ትለቃለች። አንዱ ፕሮላክቲን ነው፤ ጡት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች «ወተት ሥሩ» ብሎ ያዛቸዋል። ሌላው ኦክሲቶሲን ነው፤ በከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻ መሰል ሕዋሳት እያኮማተረ የተሠራውን ወተት ወደ ጡቱ ጫፍ ያወርደዋል።

ፕሮላክቲን ሌሊት ሌሊት በብዛት ስለሚመነጭ፣ እንቅልፍ የሚነሳው የሌሊት ማጥባት ለወተቱ ትልቅ ጉልበት ነው። ኦክሲቶሲን ደግሞ ስሜት ያውቃል። እናት የልጇን ለቅሶ ስትሰማ፣ አንዳንዴም ገና ስታስበው፣ ልብሷ በወተት የሚርሰው በእርሱ ምክንያት ነው። ድንጋጤ፣ ሕመምና ጭንቀት ግን ለጊዜው ያግዱታል። ያኔ ወተቱ ጡት ውስጥ አለ፤ መውረድ ነው ያቃተው። ስንቷ እናት ናት በዚህች ቅጽበት «ነጥፏል» የተባለችው!

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ከላም ያውቀዋል። ላም እንድትታለብ መጀመሪያ ጥጃዋ ቀርቦ ጡቷን ነካ ነካ ያደርጋል፤ አለዚያ ወተቷን ትይዛለች። ጥጃዋ የሞተባት እንደሆነ ቆዳውን በጭድ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል። እርሷም እየላሰችው፣ እያሸተተችው ወተቷን ታወርዳለች። ወላጆቻችን የሆርሞኑን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ሦስተኛው ምስጢር እዚያው ጡት ውስጥ ነው። ወተት ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ ሲቆይ ጡቱ ራሱ ሥራውን ይቀንሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲጠባ ደግሞ ይጨምራል። «ትንሽ ይጠራቀምልኝ» ብላ የምታዘገይ እናት ሳታውቀው ወተቷን ታሳንሳለች። ማጥባት ጨርሶ ሲቆም ከረጢቶቹ ይኮማተራሉ፤ ችሎታቸው ግን አብሮ አይሞትም። ልጁ ደጋግሞ ሲጠራቸው ይነቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 በዚሁ ጉዳይ ላይ ከየአገሩ የተገኘውን ልምድ አሰባስቦ አሳትሟል። ልጆቻቸውን ጡት ካስጣሉ ዓመታት ያለፏቸው አያቶች፣ ወልደው የማያውቁ ሴቶችም ጭምር፣ ሕፃን ደጋግሞ ሲጠባቸው ወተት የሰጡበት ጊዜ አለ። በሁለት ሳምንት መለያየት ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ከዚህ መረዳት እንችላለን።

ልጁን ማራቅ ምን ያስከትላል?

ወረርሽኝ ሲመጣ የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ «ልጁን ከእናቱ አርቁት» የሚል ነው። ከፍቅር የሚመጣ ሐሳብ ነው። ዋጋው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያሳየችን ግን ቦትስዋና ናት።

ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ሊተላለፍ ስለሚችል፣ የቦትስዋና መንግሥት ቫይረሱ በደማቸው ላለ እናቶች የዱቄት ወተት በነጻ ያድል ነበር። በጊዜው የነበረው እውቀት የደገፈው፣ ለልጆች ታስቦ የተደረገ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለና የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ። ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የታመሙት ሕፃናት ቁጥር ከወትሮው 3 እጥፍ ሆነ። የሞቱት ግን 25 እጥፍ! ሆስፒታል ተኝተው ጥናት ከተደረገባቸው 153 ሕፃናት መካከል አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። ከአንዱ በሽታ ሊጠብቃቸው የታሰበው ጣሳ፣ ዝናቡ ውሃውን ሲበክለው ለሌላው አጋልጦ ሰጣቸው።

ዛሬ ያ ምክር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የወጡት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ ይመክራሉ። በአገራችን ጤና ተቋማት የሚሰጠውም ምክር ይኸው ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ኮሌራ እንምጣ፤ ለእኛ ሩቅ አይደለምና። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ዞን ላይ የታየው ኮሌራ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውሃና ምግብ፣ ባልታጠበ እጅ ነው። የእናት ወተት አያስተላልፈውም። እንዲያውም ባንግላዴሽ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት አንድ ደስ የሚል ነገር አሳይቷል። የኮሌራው ተህዋሲ አንጀታቸው ከገባ ጡት ጠቢ ሕፃናት መካከል፣ ኮሌራን የሚከላከል ንጥረ ነገር በብዛት ካለበት ወተት የጠቡት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ተህዋሲው ገብቷል፤ በሽታው ግን አልተነሣም።

ይህ እንዴት ይሆናል? እናት አንድ ተህዋሲ በምግብ ወይም በአየር ሲያገኛት፣ አካሏ ያን ተህዋሲ ለይተው የሚዋጉ ሕዋሳት ያሰናዳል። ከእነርሱ የተወሰኑት በደም ተጉዘው ጡቷ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ እዚያም አይጂኤ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ወደ ወተቱ ይለቃሉ። አይጂኤ የሕፃኑን አፍ፣ ጉሮሮና አንጀት ሸፍኖ ተህዋሲው እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ልብ በሉ፤ ይህ ወተት የተዘጋጀው እናትና ልጅ በሚኖሩበት ቤት፣ በዚያው ሳምንት ለሚዞረው ተህዋሲ ነው። ፋብሪካ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ጣሳ ውስጥ ሊያሽገው አይችልም። ስለዚህ ኮሌራ የያዛት እናት በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሄደባትን ፈሳሽ እየተካች፣ እጇን በሳሙና እየታጠበች ታጥባ።

ኮቪድ ሲመጣም ይኸው ፍርሃት ተደገመ። በቻይና በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውን እናቶች ከአራስ ልጆቻቸው ለጊዜው መለየት ይመከር ነበር። በአሜሪካ ምክሩ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተሻሻለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ገና ከጅምሩ እናቲቱ እንድታጠባ ይመክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢት የወጣ ስሌት ደግሞ ልዩነቱን በቁጥር አስቀመጠው። ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ከእናታቸው ደረት ጋር ገላ ለገላ ተጣብቀው ቢቆዩና ጡት ቢጠቡ ከ125,000 በላይ ሕይወት ይድናል። በመቀራረቡ ምክንያት በኮቪድ ሊሞቱ የሚችሉት ከ2,000 በታች ናቸው። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ የሚደረገውም ቀላል ነው። እንደ ኮቪድ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ያለባት እናት ልጇን ከመያዟ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ስታጠባ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ትሸፍን። ገላልጣ ሳለች ደረቷ ላይ ካሳለች ጡቷን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ትጠብ። ባጠባች ቁጥር ጡቷን መታጠብ ግን አያስፈልጋትም።

ማቆም ግድ የሚሆንበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ብደብቃችሁ በደል ይሆናል። ማጥባት መቆም ያለበት ጊዜ አለ። የኢቦላ ቫይረስ በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ እናቲቱ ካገገመች በኋላም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እናት በኢቦላ ከተጠረጠረች ወይም ከተያዘች ማጥባቱ ወዲያው ይቆማል፤ ሕፃኑም በሌላ ወተት እየተመገበ በባለሙያ ይጠበቃል። የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግም በሚያጠቡ ሴቶች ወተት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይህ ለእኛ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ማርበርግ ጂንካ ላይ መከሰቱ ተረጋግጧል። ገላ ላይ ቁስል የሚያወጣው ኤምፖክስ ደግሞ መካከለኛ ነው፤ ሐኪሙ የእናቲቱን አቅም፣ የሕመሙን ክብደትና ቁስሉ ጡቷ ላይ መኖር አለመኖሩን አይቶ ይወስናል።

ደስ የሚለው፣ በኢቦላም ቢሆን በሩ ለሁልጊዜው አይዘጋም። ከበሽታው የዳነች እናት ወተቷ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ፣ ማጥባቷን መቀጠል እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አስቀምጧል። ያ እስኪሆን ግን ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። እንግዲህ «እንዴት ልመለስ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

መመለሻው መንገድ

ሕመሙ ማጥባትን የማይከለክል ሆኖ እናት አቅም ካጣች ወይም ከልጇ ከተለየች፣ የመጀመሪያው ሥራ ወተቷ እንዳይነጥፍ መጠበቅ ነው። በየ3 ሰዓቱ ጡቷን በእጇ ታልባለች፤ አቅም ካጣች ነርሷ ወይም እህቷ ታግዛታለች። በንጹሕ ኩባያ የታለበው ወተት ለልጁ ይሄዳል። የሚሰጠውም በኩባያ ቢሆን ይሻላል። ጡጦ ለማጠብ ያስቸግራል፤ ልጁንም ሌላ ዓይነት አጠባብ ያስለምደዋል።

ወተቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ደግሞ አንድ ድንቅ ዘዴ አለ። በአገራችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ በምግብ እጥረት በጠና የተጎዱ ሕፃናት በሚተኙበት ስታቢላይዜሽን ሴንተር በሚባለው ክፍል፣ ከ6 ወር በታች ላሉት ይሠራበታል። ቀረብ ብለን እንየው።

እናቲቱ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀምጣለች። ልጁ ልብሱ ወልቆ ገላው ከገላዋ ጋር ተጣብቋል። ነርሷ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይዛለች፤ በአፍንጫ ለመመገብ የሚያገለግለው፣ ቁጥር 8 የሚባለው ነው። አንዱን ጫፍ ለሕፃኑ ተመጥኖ የተዘጋጀ ወተት ያለበት ኩባያ ውስጥ ትነክራለች፤ ሌላውን በእናቲቱ ጡት ጫፍ ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች። ልጁ ጡቱንም ቱቦውንም አንድ ላይ ይጎርሳል። ሲስብ ከኩባያው ወተት ይመጣለታል። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል፣ ይውጣል፣ ይስባል። እርሱ የሚያውቀው ጡት እየጠባ መጥገቡን ነው። የእናቱ አንጎል የሚያውቀው ደግሞ ልጅ እየጠባ መሆኑን ነው፤ ፕሮላክቲንም ይነሣል።

የኩባያው ከፍታ ልዩ ትርጉም አለው። መጀመሪያ ከጡቱ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፤ የደከመ ሕፃን በቀላሉ ይስበዋል። ሲበረታ ኩባያው እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ያኔ ልጁ ጠንክሮ መሳብ አለበት፤ ጠንክሮ ሲስብ ጡቱ ይበልጥ ይነቃል። ከተመገበ በኋላ ቱቦው በንጹሕ ውሃ በሲሪንጅ ይታጠባል፤ ይደርቃል።

ከዚያ ሚዛኑ ይናገራል። የልጁ ክብደት ለተከታታይ ቀናት በቀን 20 ግራም ሲጨምር የኩባያው ወተት በግማሽ ይቀነሳል። ከተቀነሰ በኋላም ክብደቱ መጨመሩን ከቀጠለ ኩባያው ይነሣል፤ ልጁ በእናቱ ጡት ብቻ ለጥቂት ቀናት ታይቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ይህች ቅጽበት ለእኔ ከብዙ ተአምር ትበልጣለች! ከኩባያው የጎደለውን ማን ሞላው? «ነጠፈ» የተባለው ጡት ነው የሞላው።

ቱቦ በሌለበት ቦታ ልጁ ጡቱን እንደጎረሰ ወተት በጠብታ ጡቱ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ አፉ እንዲወርድለት ይደረጋል። ሁለቱንም ግን መጀመሪያ ባለሙያ ያሳያችሁ። የኩባያውንም ወተት በራሳችሁ ፈቃድ በአንዴ አትቁረጡ፤ ክብደቱ ሳይታይ የተቆረጠበት ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ልጁ አልፎ አልፎ ይጠባ ከነበረ ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጨምራል። ጨርሶ አቁሞ ከነበረ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በቀንና በሌሊት ቢያንስ 10 ጊዜ ማጥባት ያስፈልጋል። ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነና ማጥባቱ ከቆመ ብዙ ካልቆየ ሥራው ይቀላል፤ ቢዘገይም ግን ይቻላል። የወዳጃችን እህት ልጅ ገና የአምስት ሳምንት ጨቅላ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል?

የቤተሰብ ድርሻ

እዚህ ላይ ለባሎች፣ ለአማቶችና ለእህቶች አንድ ቃል አለኝ። ይህች እናት ከበሽታ የተነሣች፣ በቀን አሥር ጊዜ ለማጥባት የምትታገል ሰው ናት። እንጨቱን፣ ውሃውን፣ ታላላቆቹን ልጆች ሌላ ሰው ይያዝላት። አጥሚቱም ገንፎውም ይምጣላት፤ ወተቱን የሚያዘው መጥባቱ ቢሆንም እርሷም መብላትና መጠጣት አለባት። ከሁሉ በላይ አፋችንን እንጠብቅ። ኦክሲቶሲን በጭንቀት እንደሚታገድ አይተናል፤ ስለዚህ «ይኼ ልጅ ሊሞት ነው፤ ጣሳ ወተት ግዙለት» የሚለው የጠያቂ ቃል ራሱ ወተት ያስቀራል።

ባህላችን በዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ አጥብቶ ማሳደግ የነበረ ነው፤ ባይወልዱትም ልጅ የሚያደርጉትን ሰው «የጡት ልጅ» የምንለው ዝምድናን ከጡት ስለምንቆጥር ነው። ዛሬም እናቲቱ ጨርሶ ካልቻለች፣ የጤና ምርመራ ያደረገች ሌላ ሴት ማጥባቷ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያነሣቸው አማራጮች አንዱ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 ከመቶ ነበሩ። ከአሥሩ አራቱ ያኔ ውሃ፣ የላም ወተት ወይም ሌላ ነገር ጀምረው ነበር ማለት ነው። ነገ ኮሌራ ወይም ሌላ ወረርሽኝ ቢገባ ቀድሞ የሚያገኘው እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ነው። መልሶ ማስጀመርን ማወቅ ያለባት ሆስፒታል የገባች እናት ብቻ አይደለችም።

ወዳጃችን ያን ቀን ቡናው ሳይወርድ ለእህቷ ደወለችላት። የተነጋገሩት አጭር ነበር፤ ልጁን ገላ ለገላ እንድትይዝ፣ ዛሬውኑ ጡቷን እንድትሰጠው፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንድትሄድ። እናንተም የምታውቋት እናት ካለች እንዲሁ ንገሯት። በአቅራቢያዋ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም አዋላጅ ነርስ ታማክር፤ ልጁን ወደ ጡቷ ትመልሰው። «ነጠፈ» የሚለውን ቃል ግን አትንገሯት።